ድንግሏ አርጤምስ የወላዶች ረዳት የሆነችው ለምንድን ነው? ስለ ግሪክ ሴት አማልክት ለተነሣው ጥያቄ መልስ

እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሰንጠረዡ አቴና የጥበብ፣ አርጤምስ የአደን፣ ዴሜትር የእህል፣ ሄራ የጋብቻ፣ አፍሮዳይት የፍቅር፣ ሄስቲያ የምድጃ ይላል። ታዲያ ድንግሏ አርጤምስ በምጥ ላይ ያለችን ሴት ለምን ትረዳለች? አቴናስ ጦርነትንና ሽመናን እንዴት አብራ ያዘች?»

ሰንጠረዡ ሐሰት አይደለም፤ ለእያንዳንዷ አንድ ቃል ብቻ መስጠቱ ነው የሚያሳስተው። የአንዷ ድርሻ ይበልጥ የሚታወቀው ሰዎች በዓሏን ሲያከብሩ ከሚያደርጉት ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ማናቸውም ስታነቢ ሦስት ነገር ፈልጊ፦ በዓሉ መቼ ይውላል፣ ማን ይገባል ማንስ ይከለከላል፣ ምን ይቀርብላታል።

አርጤምስን እንይ። እኛ የምናውቃት ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ነው፤ ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ሕዝቡን ያነሣሣላት የኤፌሶኗ ናት። እርሷ የትንሿ እስያን መልክ የያዘች ስለሆነች መነሻ አታድርጊያት። ከአቴንስ በስተ ምሥራቅ ካለው ከብራውሮን ጀምሪ። እዚያ ትናንሽ ልጃገረዶች ለትዳር ሳይደርሱ «ድቦች» እየተባሉ ያገለግሏት ነበር። ሴቶች ደግሞ ልብሳቸውን ይሰጧታል። የስጦታው መዝገብ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል፤ የሰጪዋን ስም፣ የልብሱን ዓይነት፣ አልቆ የተቀደደውን፣ ተጀምሮ ያላለቀውን ሁሉ ለይቶ ይቆጥራል። ስለዚህ የአርጤምስ ድርሻ አደን ብቻ ሳይሆን ድንበር ነው፤ በዱርና በከተማ፣ በልጅነትና በእናትነት መካከል ያለው። ወሊድ የዚያ መሻገሪያ መጨረሻ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ሴት በድንገት ስትሞት «የአርጤምስ ፍላጻ ነው» ይባል ነበር። መግደል የምትችለው እርሷ ከሆነች፣ እንድትምር የምትለመነውም እርሷው ናት።

የአቴና መልስ ደግሞ በራሱ በጨርቁ ላይ አለ። በአቴንስ ፓናቴናያ የሚባለው በዓሏ በሐምሌ አካባቢ ይውላል፤ በየአራት ዓመቱም በታላቅ ድምቀት ይከበራል። ለበዓሉ የሚቀርበው ልብስ ሽመናው የሚጀመረው ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በእጅ ባለሙያዎች በዓል ቀን ነው። የሚሸመንበት ሥዕል ምንድን ነው? አማልክት ከግዙፋኑ ጋር ያደረጉት ውጊያ! ሽመናና ጦርነት በአንድ ጨርቅ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ሁለቱን የሚያስተሳስረው አስቦና አቅዶ መሥራት ነው። አሬስም የጦርነት አምላክ ነው፤ የእርሱ ግን ደም ማፍሰሱና ግርግሩ ነው። ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው የሆሜር ግጥም፣ በኢሊያድ አምስተኛው ክፍል፣ የግሪኩን ጀግና የዲዮሜዴስን ጦር ወደ አሬስ ሆድ የምትመራው ራሷ አቴና ናት።

ዴሜትርን «የእህል» ብሎ ማለፍ ግን በጣም ያስቆጨኛል፤ ከሁሉ የበለጠ የሚነገርላት እርሷ ናት። ቴስሞፎሪያ የሚባለው በዓሏ በአቲካ፣ ማለት በአቴንስና በዙሪያዋ፣ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ወንድ አይገባም። ቀደም ብሎ የአሳማ ግልገሎች ወደ ጉድጓድ ይጣላሉ። ለሦስት ቀን ራሳቸውን በንጽሕና የጠበቁ ሴቶች ወርደው የበሰበሰውን ያወጡና መሠዊያ ላይ ያኖሩታል፤ ከዚያ የወሰደ ሰው ከዘሩ ጋር ደባልቆ ይዘራል። በመካከለኛው ቀን ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ይጾማሉ። ወቅቱ ጥቅምት አካባቢ ነው። እዚህ ላይ የእኛን ክረምት ትተሽ አስቢ፤ ግሪክ አገር በጋው ደረቅ ነው፣ ዝናቡ የሚጀምረው በመጸው ነው፣ ዘሩም ያኔ ተዘርቶ በግንቦትና በሰኔ ይታጨዳል። በዓሉ ከዘር በፊት የዋለው ስለዚህ ነው።

የሙታን ዓለም ገዥ ሐዴስ ስለ ወሰዳት ስለ ልጇ ስለ ፐርሰፎኔ «ስድስት ወር ከላይ፣ ስድስት ወር ከታች» የሚለው በየቦታው ይደጋገማል። ጥንታዊው የዴሜትር መዝሙር ግን ከዓመቱ ሲሶውን ብቻ ከሐዴስ ዘንድ፣ ሁለቱን እጅ ከእናቷ ጋር ነው የሚለው። ዓመቱን እኩል የከፈለው ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ነው። የሜዱሳም ነገር እንዲሁ ነው፤ አቴና ቆንጆዋን ልጅ በቅጣት ጭራቅ አደረገቻት የሚለው ከኦቪድ የመጣ ሲሆን በጥንታዊው ግሪካዊ ገጣሚ በሄሲዮድ ዘንድ ሜዱሳ ከመጀመሪያውም ጎርጎን ከሚባሉት ከሦስቱ ጭራቅ እኅትማማች አንዷ ናት። ግሪኩንና ሮማውን ሳይለዩ ማደባለቅ የብዙ ስህተት ምንጭ ነው፤ ታሪኩን የነገረሽ ማን እንደሆነ ሁልጊዜ ጠይቂ።

ሄራ በተረት ውስጥ ቀናተኛ ሚስት ብቻ ትመስላለች። በኦሎምፒያ ግን በስሟ የልጃገረዶች ሩጫ ነበረ። ፀጉራቸውን ለቀው፣ ከጉልበት በላይ የሆነ ልብስ ለብሰው፣ ቀኝ ትከሻቸውን ገልጠው ይሮጣሉ፤ ርቀቱ ከወንዶቹ በአንድ ስድስተኛ ያንሳል፤ ያሸነፈችው የወይራ አክሊልና ከታረደችው ላም ድርሻ ታገኛለች። አፍሮዳይትም የፍቅር ብቻ አይደለችም። በትንሿ እስያ ጠረፍ ባለችው በክኒዶስ ከተማ መርከበኞች መልካም ጉዞ ይለምኗት ነበር፤ በስፓርታ ደግሞ ምስሏ የጦር መሣሪያ ታጥቆ ይታይ ነበር።

ሄስቲያ ተረት የላትም ማለት ይቻላል፤ ክብሯ ግን ትልቅ ነው። በግብዣ መጀመሪያም መጨረሻም ወይን በመሥዋዕትነት የሚፈስሰው ለእርሷ ነው። አዲስ ከተማ ሊቈረቁሩ የሚሄዱ ሰዎች እሳት የሚወስዱት ከእናት ከተማቸው ምድጃ ነው። «ከአሥራ ሁለቱ የኦሊምፖስ አማልክት መካከል የነበራትን ወንበር ለወይን አምላክ ለዲዮኒሶስ ለቀቀችለት» የሚለውን ግን አትጻፊው፤ በጥንት ጽሑፍ የለም፣ የቅርብ ዘመን ፈጠራ ነው።

ምስል ላይ ለመለየት፦ የራስ ቁር፣ ጦርና የጎርጎን ራስ ያለበት የደረት ልብስ ካየሽ አቴና ናት። ቀስትና ሚዳቋ ካለ አርጤምስ። የሚያስቸግሩት ዴሜትርና ፐርሰፎኔ ናቸው፤ ሁለቱም የእህል ዛላም ችቦም ይይዛሉ። በአቴንስ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ያለውን፣ ከ2 ሜትር በላይ ቁመት ያለውን የኤሌውሲስ ቅርጽ አይተሽ ተለማመጂ፤ በግራ በትር የያዘችው እናትየዋ፣ በቀኝ ረጅሙን ችቦ የያዘችው ልጅቷ፣ በመካከል የቆመው ብላቴና ትሪፕቶሌሞስ ነው።