ወንድም ጋሼ ይቆጣል፣ አንቺ ግን ሂጂ

እህቴ፣ ከድሬስደን የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የውሃ ምህንድስና ማስተርስሽን ከጀመርሽ ሁለተኛ ሴሚስተርሽ ነው። የክፍልሽ ልጆች በመጪው ቅዳሜ ከድሬስደን ብዙም ወደማይርቁት የባስታይ ቋጥኞች የእግር ጉዞ አዘጋጅተዋል። ሁለት የዶክትሬት ተማሪዎችም አብረው ይሄዳሉ። አንቺ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጊያለሽ። ለቤት ደውለሽ ነገሩን ብታነሺ ወንድም ጋሼ "ተበድረን የላክንሽ ለሽርሽር ነው እንዴ?" አለሽ። ከዚያ ወዲህ ልብሽ ለሁለት ተከፍሏል። ስለ ጀርመንኛው፣ ስለ ቴሲስ ርዕስሽ፣ ስለ ጾምና "ዳገት ላይ ወደ ኋላ እቀራለሁ" ስለሚለው ስጋትሽም ጠይቀሻል።

የጉዞውን ነገር በሰፊው ልመልስልሽ፤ በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም ስላለኝ ነው። ሂጂ።

ቤተሰብ ልጁን ውጭ ሲልክ ወረቀቱ ከተገኘ ሥራው ተከትሎ የሚመጣ ይመስለዋል። ተከትሎ አይመጣም። ጀርመን ውስጥ ከተመረቅሽ በኋላ ሥራ ለመፈለግ የሚሰጥሽ ጊዜ 18 ወር ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል፤ ማንም ለማያውቀው ሰው ግን ሳያስበው ያልቃል። ውጤታቸው የሚያኮራ ልጆች በዚህ ሲንገላቱ አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ አልጋ ሲሉ ይቆያሉ። የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ሲመጣ ፕሮፌሰሩ መልካቸውን ለማስታወስ ይቸገራል። ሰነፎች ሆነው አይደለም። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የለፉት እነሱ ናቸው።

እስቲ የቅዳሜውን ሂሳብ አብረን እንሥራው። በ2026 እ.ኤ.አ. የጀርመን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 13.90 ዩሮ ነው። በዚህ ስሌት 8 ሰዓት ብትሠሪ 111 ዩሮ ገደማ ታገኛለሽ። ቀላል ገንዘብ ነው አልልሽም፤ በብር ሲመነዘር ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚያወራ አውቃለሁ። ግን ሌላም የምታጪው ነገር አለ። በተማሪ ቪዛ በዓመት መሥራት የሚፈቀድልሽ 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። መጋዘን የዋልሽበት እያንዳንዱ ቅዳሜ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተማሪ ረዳት ሆነሽ ብትሠሪ ግን፣ ልጆቹ "ሂዊ" የሚሉት ሥራ ማለቴ ነው፣ ከዚህ ቁጥር አይቀነስብሽም። ክፍያው ከመጋዘኑ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ነገር ግን የምትውዪው ካርቶን ላይ ሳይሆን የወንዝ ፍሰት መረጃ ላይ ነው። ሲቪሽ ላይ የሚጻፈውም እሱ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት እንደሚገኝ ልንገርሽ። አንዳንዱ ማስታወቂያ ይወጣበታል። ብዙው ግን ፕሮፌሰሩ ለዶክትሬት ተማሪው "ሰው እንፈልጋለን፣ የምታውቀው አለ?" ሲለው ያልቃል። ያ ሰው በዚያች ደቂቃ ትዝ የሚለው አብሮት የተራመደ ሰው ነው። የእኔም የመጀመሪያ ሥራ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። አብራኝ ትማር የነበረች ኬንያዊት፣ ቅዳሜና እሁድ አብረን በእግር እንጓዝ የነበረች ልጅ፣ ቢሮዋ ሰው እየፈለገ መሆኑን ሰምታ ደወለችልኝ። ማመልከቻ ብቻ እየላክሁ ብቀመጥ የዚያን ቢሮ ስም እንኳ አልሰማም ነበር።

ደግሞ መንገዱ ራሱ ላንቺ የተሠራ ነው የሚመስለው። ከድሬስደን ዋናው ጣቢያ የምትነሳው ባቡር የኤልቤን ወንዝ እየተከተለች ከ40 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ራተን የምትባል መንደር ታደርስሻለች። ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ባስታይ ከወንዙ ማዶ። የሚያሻግራችሁ ጀልባ ሞተር አይነዳውም። ወደ ላይኛው በኩል ወንዙ ውስጥ በመልህቅ በተያዘ ረጅም ገመድ ታስሯል። ጀልባው ትንሽ ሰያፍ ሲዞር የውሃው ግፊት ራሱ ገፍቶ ማዶ ያደርሰዋል። የውሃ ምህንድስና የሚማሩ ልጆች እዚያ ላይ ቆመው ዝም ይላሉ ብለሽ ታስቢያለሽ? አንዱ ስለ ፍሰቱ ፍጥነት ይጀምራል፣ ሌላው ስለ ገመዱ ርዝመት ይከራከራል። አንቺም ግቢበት።

የ2002ቱን (እ.ኤ.አ.) ጎርፍ ሳትጠይቂ እንዳትመለሺ። በዚያ ነሐሴ ኤልቤ ድሬስደን ላይ 9 ሜትር ከ40 ደርሶ ነበር። በወንዙ ዳር ከተሞች ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበት ከፍታ በመስመር ተቀርጾ ታያለሽ። ክፍልሽ ውስጥ ያን ጎርፍ በልጅነቱ ያየ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ሰው አይጠፋም። እሱ ይንገርሽ፣ አንቺ ደግሞ በየክረምቱ እየሞላ አፋር ላይ ስለሚያስቸግረው አዋሽ ንገሪው። በሴሚናር ክፍል ውስጥ እጅሽን አውጥተሽ ለመናገር ትፈሪ ይሆናል። ጎን ለጎን እየሄዱ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ሲያወሩ ግን አፍ ይፈታል።

አሁን ወደ ወንድም ጋሼ። ለቪዛው በዝግ ሂሳብ የገባው 11,904 ዩሮ ከአጎትሽና ከጓደኞቹ የተሰበሰበ መሆኑን ጽፈሻል። ዕዳ ነው፤ መከፈል አለበት። በዚህ ከሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ያ ገንዘብ በየወሩ 992 ዩሮ እየሆነ የሚለቀቅልሽ እንድትኖሪበት ነው። አንቺ ከዚያ ላይ 200 ዩሮ ወደ ቤት እየላክሽ ጉድለቱን በመጋዘን ትሞያለሽ። ገንዘቡ የሚውለው ደግሞ ለዕዳው አይደለም፤ ለቤቱ ማስጨረሻ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝና ይህ ልክ አይደለም። የቤቱ ጣሪያ ሁለት ዓመት መቆየት ይችላል፤ ያንቺ ትምህርት ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ለወንድምሽ በግልጽ ንገሪው፦ እስክመረቅ ይህን ያህል እልካለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም፣ ዕዳውን ሥራ ስይዝ በዚህ በዚህ ወር እከፍላለሁ። ቁጥሩን ጽፈሽ ላኪለት። ሊያኮርፍ ይችላል። ያኩርፍ። አንቺን መውደዱን አልጠራጠርም፤ የማያውቀው ያለሽበትን አገር ነው። በማያውቀው አገር ሥራ እንዴት እንደሚገኝ እሱ ሊወስንልሽ አይገባም።

እናትሽ ትሰማለች ብለሽ የምትሰጊ ከሆነ አንቺው ቀድመሽ ደውይላት። ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ወንዝ ለማየት እንደምትሄጂ ንገሪያት። እውነት ነውና።

የቀሩትን በአጭሩ። ጀርመንኛሽን በባቡሩ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሞክሪው፤ ስትሳሳቺ ያርምሽ፣ አንቺም አትፈሪ። የቴሲስ ርዕስሽን አሁን አትቀይሪው። ከሁለቱ የዶክትሬት ተማሪዎች አንዱን በመንገድ ላይ አማክሪና ከዚያ ወስኚ። ወደ ኋላ እቀራለሁ ያልሽው ግን አስገርሞኛል። አንቺ የደብረ ብርሃን ልጅ ነሽ፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ያደግሽ። ባስታይ ከባሕር ጠለል 305 ሜትር ነው፤ ከወንዙ ደግሞ 194 ሜትር ከፍ ይላል። ደረጃው ብዙ ነው፣ ጉልበት ይፈልጋል፤ ትንፋሽ ግን ካንቺ ጋር ነው። ያ የአሸዋ ድንጋይ ዝናብ ሲመታው ስለሚያንሸራትት ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ አድርጊ። አዲስ መግዛት የለብሽም፤ የሚያውስሽ ጠይቂ።

ስለ ጾሙ አትጨነቂ። ምስርሽን በዳቦ አድርገሽ ያዢ። ቆሎ ካለሽ ደግሞ በዛ አድርገሽ ውሰጂና እላይ ስታርፉ እጃቸው ላይ ዝገኚላቸው። ምን እንደሆነ ይጠይቁሻል፤ ማን እንደቆላው፣ ከየት እንደመጣ ስትነግሪያቸው ስምሽም አብሮ ይያዛል። ቢራ ቢጠጡ "እኔ ውሃ ይበቃኛል" በያቸው። ማንም ምክንያት አይጠይቅሽም።

አንድ ነገር አደራ። እመጣለሁ ካልሽ መምጣት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከተባለ አምስት ደቂቃ ቀደም ብለሽ ባቡሩ ጋ ተገኚ። እመጣለሁ ብሎ የቀረ ሰው ከመጀመሪያውም አልመጣም ካለው የባሰ ስም ያተርፋል። ለመጋዘኑ አለቃሽ ደግሞ ዛሬውኑ ጻፊለት፤ ቅዳሜን ከሌላ ቀን ጋር የሚቀይርሽ የሥራ ባልደረባ ካገኘሽ ስሙን አብረሽ ላኪ። እንዲህ ሲሆን እሺ ማለት ይቀልለዋል።