የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ራኩን አደን ለብቻ ነው ወይስ ከሰው ጋር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮለምበስ ኦሃዮ ነው ምኖረው። ዋርሃውስ አብሮኝ ሚሰራ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ፣ ኬንታኪ ገጠር ውስጥ ያደገ ሰው ነው፣ አምና ራኩን (ጭራው ቀለበት ቀለበት ያለበት፣ ዛፍ ላይ ሚወጣ የአሜሪካ የሌሊት እንስሳ) አደን ይዞኝ ሄደ፣ በቃ ከዛ ወዲህ ልቤ እዛው ቀረ። ማታ ውሾቹ ጫካ ውስጥ ሲያላዝኑ መስማት ምን እንደሚመስል ላስረዳህ አልችልም። አሁን ከውሻው የተወለደች የ10 ወር ትሪንግ ዎከር (የአደን ውሻ ዘር ናት) ሰጥቶኛል። ግን ምክሩ ተጋጨብኝ። እሱ "ለብቻዋ አስሩጣት፣ አንተም ለብቻህ ውጣ፣ ከመንጋ ጋር ያደገ ውሻ አይረባም" ይለኛል። ሌሎቹ የሥራ ባልደረቦች ደግሞ አርብ አርብ ማታ 5 እና 6 ሆነው ከነውሾቻቸው ነው ሚወጡት፣ ና እያሉኝ ነው። የኔ ኦፍ ከነሱም ከሽማግሌውም ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ስለዚህ ለብቻዬ ልጀምር ወይ እያልኩ ነው። ጠመንጃ የለኝም። ሚስቴም "ሌሊት ጫካ ለብቻህማ አትሄድም" ብላለች። ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ነው ያለው፣ አንዱ የውሻዋ ነው፣ አንዱ ያንተ ነው፣ ሰው ሁለቱን ደባልቆ ስለሚያወራው ነው ምክሩ ሚጋጭብህ። ሽማግሌው ስለ ውሻዋ የነገረህ ልክ ነው። ስላንተ የነገረህን ግን አልቀበለውም፣ እዚህ ላይ ሚስትህ ናት ትክክል። ባጭሩ ውሻ አንድ፣ ሰው ሁለት ሁኑ።

መጀመሪያ ውሻዋን እንይ። ዎከር በል ብሉቲክ፣ ሬድቦን፣ ብላክ ኤንድ ታን፣ ኢንግሊሽ፣ ፕሎት በል፣ እነዚህ ሀውንድ ሚባሉ አሽትተው ሚያድኑ ውሾች ሁሉ ሥራቸው አንድ ነው፣ በጨለማ ዱካ አሽትቶ መከተል፣ ራኩኑ ዛፍ ላይ ሲወጣ ዛፉ ስር ቆሞ ጌታው እስኪመጣ መጮህ። ማባረሩን ማንም አያስተምራቸውም፣ ከደማቸው ነው። ከባዱ ራኩኑ ሲያታልል ነው። ራኩን ብልጥ እንስሳ ነው፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ራቅ ብሎ ይወጣል፣ አጥር ላይ ይሄዳል፣ አንድ ዛፍ ወጥቶ በቅርንጫፍ ወደሌላው ተሻግሮ ይወርዳል። ዱካው እዛ ጋ ሲቆረጥባት ራሷ ሰፋ አድርጋ ዞራ፣ ተመልሳ፣ እንደገና አሽትታ ነው ማግኘት ያለባት። 4 እና 5 ውሻ አብሯት ካለ ግን ለምን ትድከም? ጆሮዋን ቀስራ ትጠብቃለች፣ የበሰለው ውሻ ሲጮህ ሮጣ ሄዳ አጠገቡ ትጮሃለች፣ አንተም ከሩቅ ድምጿን ስትሰማ አገኘች ብለህ ትደሰታለህ፣ እሷ ግን ምንም አላገኘችም። አንድ ሲዝን እንዲህ ካለፈ በኋላ ለብቻዋ ብትለቃት እግርህን አትለቅም። ደግሞ ባዶ ዛፍ ስር ሲጮሁ ማን እንደጀመረው በምን ታውቃለህ? አንድ ውሻ ብቻ ከሆነች ግን ጥፋቷም ጉብዝናዋም ቁልጭ ብሎ ይታይሃል።

ይሄ ማለት ከመጀመሪያው ቀን ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ልቀቃት ማለቴ አይደለም። የሽማግሌውን አሮጌ ውሻ ከሷ ጋር ጥቂት ማታ ልቀቁት፣ ጨዋታው ምን እንደሆነ ትይ፣ ዛፉ ላይ ያለውን ነገር በዓይኗ ትይ። ሲገባት ለዩዋቸው።

ለብቻዋ ማስሮጥ ያንተንም ጆሮ ያስተምራል፣ እኔ ከሁሉም ይሄን ነው ምወደው። ስትለቃት መጀመሪያ አልፎ አልፎ አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ትሰማለህ፣ ዱካው የቆየ ነው ማለት ነው። እየቀረበች ስትመጣ ማላዘኑ እየረዘመ፣ እየተደጋገመ ይሄዳል። ከዛ ድንገት ዝም ትላለች። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ደንግጦ መጥራት ይጀምራል፣ በፍጹም እንዳትጠራት! ያኔ እኮ ከባዱን ሥራ እየሰራች ነው፣ የፊት እግሮቿን ግንዱ ላይ ሰቅላ ወደላይ ታሸታለች፣ ትወርዳለች፣ ዛፉን ትዞራለች፣ ዱካው በሌላ በኩል ወጥቶ ሄዶ እንደሆነ ታጣራለች። እርግጠኛ ስትሆን አንድ ሁለቴ ረዘም አድርጋ ትጮህና ከዛ አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሳታቋርጥ ትቀጥላለች። አሁን ተነስተህ ሂድ። ስትደርስ መጀመሪያ በገመድ እሰራት፣ መብራት ወደ ዛፉ ምታበራው ከዛ በኋላ ነው። ራኩኑ ፊቱን አዙሮ ከሆነ ዓይኑ አያበራም፣ ስለዚህ ትዕግስት ያስፈልጋል፣ ዛፉን ዙሪያውን እየዞርክ እይ።

ወደፊት ውድድር እገባለሁ ካልክ ደግሞ ይሄ ጆሮ ግዴታ ነው። የዩናይትድ ኬኔል ክለብ (የውሻ ዘር ሚመዘግብ ድርጅት ነው) የማታ ውድድሮች ላይ እስከ 4 ውሻ አንድ ላይ ይለቀቃል፣ ባለቤቶቹ ጨለማ ውስጥ ቆመው እያዳመጡ የኔ ውሻ ዱካ አገኘ ብለው ስሙን ይጠራሉ፣ ቀድሞ የተጠራው 100 ነጥብ ነው፣ ተሳስተህ ከጠራህ ነጥቡ ይቀነስብሃል። ራኩኑ አይገደልም፣ ታይቶ ይተዋል። ከሌሎች 3 ውሾች መሃል የራስህን ድምፅ ለመለየት ከዛ በፊት ለብቻዋ ደጋግመህ ሰምተሃት መሆን አለበት።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ኦሃዮ ውስጥ ዲሴምበር ሌሊት ላይ ጫካ ውስጥ ሚያጋጥምህ ትልቁ አደጋ አውሬ አይደለም፣ ውሃ እና ብርድ ነው። ውሻዋ ከወንዙ ማዶ ዛፍ ስር ቆማ እየጮኸች ነው፣ አንተ እዚህ ነህ፣ እየጠራችህ እንደሆነ ነው ሚሰማህ፣ ትሻገራለህ። እስከ ወገብህ ረጥበህ፣ ስልክህ ውሃ ገብቶበት፣ እግርህ ተጣሞ ብትወድቅስ? አንገቷ ላይ ያለው የጂፒኤስ ኮላር በራሱ ሬዲዮ ስለሚሰራ ያለ ስልክ ኔትወርክም በየጥቂት ሰከንዱ እሷ የት እንዳለች ይነግርሃል፣ አንተ የት እንደወደቅክ ግን ለማንም አይናገርም። ሁለት ስትሆኑ አንዱ ይሻገራል አንዱ መብራት ይዞ ይቆማል። ዱካው ወደ መኪና መንገድ ከሄደ አንዱ በእግሩ ይከተላታል፣ አንዱ ትራኩን ነድቶ አስፋልቱ ጋ ቀድሞ ይደርሳል፣ ስንት ጥሩ ውሻ ነው መኪና የበላው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ቦታ መሆን አይችልም።

ሌላም ሳልሸፋፍን ምነግርህ ነገር አለ። እኛ ጥቁር ነን፣ አነጋገራችን የውጭ ሰው ነው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ገጠር ውስጥ የሰው እርሻ ዳር መብራት ይዘን ስንታይ ሰው ምን እንደሚያስብ አስበው፣ ብዙው ቤት ደግሞ ጠመንጃ አለ። ስለዚህ ባለመሬቱ ጋ ቀን ሂድ፣ ውሻዋንም ይዘህ ሂድ ያያት፣ መኪናህን ይወቀው፣ ስልክ ተለዋወጡ፣ ምትወጣ ቀን ቴክስት አድርግለት። ኦሃዮ ውስጥ የግል መሬት ላይ ለማደን የጽሁፍ ፈቃድ በሕግ ግዴታ ነው፣ በቃል "እሺ ግባ" ብሎኛል አይሰራም፣ ወረቀቱን ኪስህ ውስጥ ያዘው። ውሻዋ ድንበር አልፋ ጎረቤት መሬት ላይ ዛፍ ስር ብትቆም ለዛኛውም ፈቃድ ቢኖርህ ነው ሚሻለው፣ ዱካ አጥር አያውቅም። አካባቢው ላይ ሚታወቅ ሰው አብሮህ ካለ ደግሞ ግማሹ ችግር የለም።

ላይሰንስ ላይ ብዙ አልቆይም። የአደን ላይሰንስ አለ፣ ከሱ በተጨማሪ ለጸጉራም እንስሳት የራሱ ፐርሚት አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምታወጣ ከሆነ የአዳኞች ኮርስ መውሰድ አለብህ። ኮርሱን ሳትወስድ አፕሬንቲስ ሚባለውን የጀማሪ ላይሰንስ ካወጣህ ደግሞ ጥያቄህ እዛው ተመለሰ፣ ለብቻህ መውጣት አይፈቀድልህም፣ 21 ዓመት የሞላው ላይሰንስ ያለው ሰው አብሮህ መሆን አለበት። ቀኖቹን ከስቴቱ የዘንድሮ መመሪያ ላይ እይ።

ጠመንጃ ስለሌለህ ደግሞ አትጨነቅ፣ ብዙ ሰው ባዶ እጁን ነው ሚወጣው፣ ራኩኑን ዛፍ ላይ አይተህ፣ ውሻዋን አመስግነህ፣ አስረህ ትመለሳለህ። ቆዳው ዛሬ እንደ 1970ዎቹ ዋጋ የለውም፣ ሥጋውም ለኛ ሰው አይሆንም፣ ታዲያ ለምን ይገደላል? ልግዛ ብትል ግን ቀድመህ ስታተስህን አስብ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌደራል ሕግ መያዝ ይችላል፣ ሌላ ወረቀት ላይ ያለህ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳትጠይቅ የሰው ጠመንጃ እንኳ አትንካ፣ ለአንድ ራኩን ብለህ ኬዝህን አታበላሽ።

ማን ይሁን ጓደኛህ? የግድ አዳኝ መሆን የለበትም። ኦፍህ ከነሱ ጋር ካልገጠመ አብሮህ ሚኖር ወንድምህን ወይ ከቤተክርስቲያን ምታውቀውን ልጅ ይዘህ ኮርሱን አብራችሁ ውሰዱ፣ ላይሰንሱን አብራችሁ አውጡ። ሚጠጣ አይሁን። ዝም ማለት ሚችል ይሁን፣ ውሻዋ ስትለቀቅ ጨዋታ ይቁም፣ ካልሰማህ ምን ሰራህ። የራሱ ውሻ ካለው ትራኩ ላይ ባለው የውሻ ሳጥን ውስጥ ይቆይና በተራ ይለቀቅ፣ መጀመሪያ ያንተ፣ ከዛ የሱ።

የአርብ ማታዎቹን ደግሞ እንዳታስቀይማቸው፣ ውሻዋን ቤት ትተህ አንዳንዴ ሂድ። ይሄ አደን ከሰው ጋር ካልሆነ ግማሹ የለም። አላባማ ቱስከምቢያ አጠገብ የራኩን ውሾች ብቻ ሚቀበሩበት መካነ መቃብር አለ፣ በ1937 ሴፕቴምበር 4 ቀን ኪ አንደርውድ ሚባል አዳኝ ትሩፕ ሚባል ውሻውን ቀብሮ ነው የተጀመረው፣ የመረጠው ቦታ ደግሞ አዳኞች ማታ ማታ ተሰብስበው ካምፕ ሚያደርጉበትን ነበር። ዛሬ ከየስቴቱ ውሻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ የድንጋዩ ላይ ጽሁፎች እውነተኛ የሰው ሀዘን ናቸው። እነዛን አርብ ማታ ሚጠሩህን ሰዎች ውሻህ ስትጠፋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደውለህ ምታስነሳቸው እነሱ ናቸውና ያዛቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነህ? ከናሽቪል ነኝ። ባለቤቴ ሀውንዶቹን ይዞ ለብቻው ይወጣል፣ ብለው ብለው አልሰማኝም። አንዳንዴ ውሻ ጠፋብኝ ብሎ እስኪነጋ ይቆያል፣ እኔ እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መቅረቱን ካልቀረ በሥርዓት ይውጣ። ከመውጣቱ በፊት የማን እርሻ እንደሚሄድ፣ ትራኩን የት እንደሚያቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ፍሪጁ ላይ ይጻፍልሽ። የባለመሬቱ ስልክ አንቺ ጋ ይኑር። ካለው ሰዓት አንድ ሰዓት ካለፈ ትደውዪለታለሽ፣ ካላነሳ ለባለመሬቱ፣ ከዛ ለሸሪፍ። "ያስቀየማል" ብለሽ አታመንቺ፣ ይሄን ቀድማችሁ ተስማሙበት። ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት መልክት ሚልክ ትንሽ መሳሪያ አለ፣ ሌላ ውሻ ከሚገዛ እሱን ይግዛ።

የጠፋችዋን ውሻ ፍለጋ እስኪነጋ መዞሩን ግን ይተው፣ ደክሞት ነው ሰው ገደል ሚገባው፣ ደክሞት ነው መኪና ላይ እንቅልፍ ሚወስደው። አዳኞች ከድሮ ጀምሮ ሚያደርጉት ነገር አለ፣ የለበሰውን ጃኬት ውሻዋን የለቀቀበት ቦታ ላይ ጥሎ ይምጣ። ሀውንድ በራሷ ዱካ ተመልሳ ትመጣለች፣ ጠረኑን ስታገኝ እዛው ትቆያለች፣ ጠዋት ሄዶ ያምጣት።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ። ውሻዬን ራኩን አፍንጫዋን ቧጨራት፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉኝ። ያስፈራል ወይ?

መልስ፦ አዎ፣ ዛሬውኑ ቬት ጋ ውሰዳት። በአሜሪካ ምስራቁ ክፍል የእብድ ውሻ በሽታን ዋና ተሸካሚ ራኩን ነው፣ ለዚህ ነው መንግሥት በየዓመቱ ክትባት ያለበት ምግብ ከአውሮፕላን ጫካ ላይ ሚበትነው። ክትባቷ ያላለፈበት ቢሆንም ቬቱ እንደገና ይወጋታል፣ ስለዚህ የክትባት ወረቀቷን ይዘህ ሂድ። ቁስሏን ስታጥብ ጓንት አድርግ፣ እስክትታይ ልጆቹ አይንኳት። አንተን ወይ ልጅህን ራኩን ከነከሰ ወይ ከቧጨረ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፣ በሳሙናና ውሃ 15 ደቂቃ ያህል በደንብ እጠቡና ቀጥታ ኢመርጀንሲ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሚያድን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዲስቴምፐርና ሌፕቶ ሚባሉትን በሽታዎች ክትባቷንም ቬቱን ጠይቀው፣ የትል መድኃኒቷንም አታቋርጥ፣ የራኩን ሰገራ ውስጥ ያለው ትል እንቁላል ለሕጻን ልጅ በጣም መጥፎ ነው፣ ከጫካ ስትመለሱ ቡትህን ውጪ አውልቅ፣ እግሯንም እጠብላት።