ቀለበቱ እምቢ ሲል፦ የብረት ጨው ጥያቄዎቻችሁ

ዛሬ የመረጥኳቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከላብራቶሪ መደርደሪያ የመጡ ናቸው። መልሶቻቸው ሁሉ ግን ወደ ብረት ጨው ይመጣሉ።

«ለናይትሬት የቡናማ ቀለበት ሙከራ ሠራሁ። ናይትሬት እንዳለ አውቃለሁ፤ ቀለበቱ ግን የለም። ምን ሆነ?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መጀመሪያ የፌረስ ሰልፌቱን፣ ማለትም ከናሙናው ጋር የምትቀላቅለውን የብረት ጨው፣ ጠርሙስ እየው። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው ወይስ ቢጫ? ቢጫ ከሆነ አየር አበላሽቶታል። ፌረሱ (ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ብረት) ወደ ፌሪክ (ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ብረት) ተለውጧል፣ ፌሪክ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ናይትሬቱን ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚቀንሰው ፌረስ ነው። ቡናማው ቀለምም ናይትሪክ ኦክሳይዱ ከተረፈው ፌረስ ጋር ሲያያዝ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሙሙቱን (በውኃ የሟሟውን ጨው) በዕለቱ አዘጋጅ።

ጠርሙሱ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ከእጅህ ነው። ቱቦውን አዘንብለህ ኮንሰንትሬትድ (በውኃ ያልቀጠነ) ሰልፈሪክ አሲዱን በግድግዳው ቀስ አድርገህ አውርደው። አሲዱ ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል፤ ቀለበቱ ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ይወጣል። ከነቀነቅከው አለቀ። ናሙናው ውስጥ ናይትራይት (ከናይትሬት አንድ ኦክስጅን የጎደለው) ካለም ያሳስትሃል፤ እሱም ቡናማ ይሰጣል።

«የቆየ አስፒሪን የአቼቶ ሽታ አመጣ። ተበላሽቷል?» (አንዲት እናት)

አዎ እናቴ፣ አይውሰዱት። እርጥበት ሲያገኘው ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና ወደ አሴቲክ አሲድ ይፈርሳል፤ የሸተትዎት ሁለተኛው ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል የብረት ጨው ጠብ ቢደረግበት ሐምራዊ ይሆናል። ፌሪክ የሚይዘው የፊኖልን ኦኤች፣ ማለትም ሳሊሲሊክ አሲዱ ላይ ያለውን የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ፣ ነው። ንጹሕ አስፒሪን ላይ ያ ቦታ በአሴቲል (ከአሴቲክ አሲድ በሚመጣ ቁራጭ) ስለተሸፈነ ቀለም አይመጣም።

«በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ታይትሬሽን ላይ ለምን የሞር ጨው? ፌረስ ሰልፌት አይበቃም?»

ታይትሬሽን ማለት አንዱን ሙሙት ጠብ እያደረግህ የሌላውን መጠን መለካት ነው። ፌረስ ሰልፌት ይበቃል፤ ግን የመዘንከው በትክክል ምን ያህል ፌረስ እንዳለው አታውቅም። ፌረስ ሰልፌት ውኃውን ያጣል፣ በአየርም ይለወጣል። የሞር ጨው፣ ማለትም ፌረስ አሞኒየም ሰልፌት፣ ይበልጥ ይጸናል። አንድ ሞሉ (ኬሚስት ቅንጣቶችን የሚቆጥርበት መለኪያ) 392 ግራም ገደማ ነው። አንድ ፐርማንጋኔት አምስት ፌረስ ይወስዳል። አሲዱ ሰልፈሪክ ይሁን፤ ሃይድሮክሎሪክ ካደረግህ ፐርማንጋኔቱ ክሎራይዱንም ይበላና ንባብህ (የፈሰሰው ፐርማንጋኔት መጠን) ይጨምራል።

«መዳብ ያሟሟሁበትን ፌሪክ ክሎራይድ ሲንክ ውስጥ ልድፋው?»

በፍጹም። የብረት ቧንቧ ይበላል፣ የሟሟው መዳብም ለውኃ መርዝ ነው። በፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅመህ ለላብራቶሪ ኃላፊው ስጥ። ጋውንህ ላይ የቀረው ቡናማ ነጠብጣብ ግን በሎሚ ይሞከራል።