ፎርሙ “ተልኳል” ይላል፣ መረጃው ግን የለም

የመጣልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊዋ የዌብ ፕሮግራሚንግ ኮርስ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው። ለጀማሪ የፍሮንት ኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን የገጽ ክፍል የመሥራት) ቦታ ኢንተርቪው ተጠርታ የተበላሸ ፎርም ተሰጣት። “አንድ ሰዓት አለሽ፣ አስተካክይው” ተባለች። ፎርሙ “ሰው ጨምር” የሚል ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት አዲስ ረድፍ ይከፈታል። ረድፍ ሲሰረዝ ግን የሌላ ሰው ስም ይጠፋል። ሲላክ ደግሞ “ተልኳል” ይላል፣ ዳታቤዙ ውስጥ ግን ምንም የለም። ኮንሶሉ (ብራውዘሩ የኮዱን ስህተት የሚዘረዝርበት መስኮት) በቀይ ኤረር ተሞልቷል። እሷ ኮዱን በሙሉ ትራይ ካች (ኤረር ሲነሳ ይዞ “ካች” ወደሚባለው ክፍል የሚመራ የኮድ አጥር) ውስጥ ከተተችው። ቀዩ ጠፋ፣ ሰዓቱም አለቀ። ቆይቶ “ስለሰጠሽን ጊዜ እናመሰግናለን” የሚል ኢሜይል ደረሳት። “አዲስ ፍሬምወርክ ልማር ወይስ ይሄ ነገር የኔ አይደለም ብዬ ልተወው?” ትላለች።

እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ።

አዲስ ፍሬምወርክ፣ ማለትም ሌላ ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ፣ ይሄን አይፈታልሽም። ያንን ፎርም በሪአክት ብትጽፊው፣ በቪው ብትጽፊው፣ በአንጉላር ብትጽፊው እነዚያው ችግሮች ልብሳቸውን ቀይረው ይመጣሉ። መተው ደግሞ ገና ነው፤ በአንድ ኢንተርቪው ተመዝኖ የሚተው ሙያ የለም። እውቀት አንሶሽ ነው ብዬም አላምንም። የጣለሽ ያ ትራይ ካች ነው።

ቀዩ ጽሑፍ በእጅሽ የነበረው ብቸኛ ፍንጭ ነበር። የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር፣ ምን እንደጎደለ ይነግርሻል። አንቺ ካቹን ባዶ ትተሽ ዝም አሰኘሽው። የታመመን ሰው አፍ አፍኖ “ዝም ስላለ ድኗል” እንደማለት ነው። ለፈታኝ ደግሞ ይሄ ምንም ካለመንካት ይብሳል። ያልተነካ ብልሽት ቢያንስ ይታያል። የታፈነ ኤረር ግን ተጠቃሚው ጋ ደርሶ፣ ስንት ጊዜ ቆይቶ “መረጃዬ የት ገባ?” ሲባል ነው የሚታወቀው። ፈታኞቹ ፎርሙ እንዲሠራላቸው ጓጉተው አይደለም፤ ፎርሙንማ ራሳቸው ናቸው ያበላሹት። ማየት የፈለጉት ነገር ሲበላሽብሽ ከየት እንደምትጀምሪ ነው።

እስቲ ያንን አንድ ሰዓት እንደገና እንየው።

ኮዱን ከማንበብሽ በፊት ችግሩን ራስሽ ፍጠሪው። ሦስት ረድፍ ክፈቺ። በየረድፉ “አንድ”፣ “ሁለት”፣ “ሦስት” ብለሽ ጻፊ። የመካከለኛውን ሰርዢ። አሁን ስክሪኑ ላይ የቀሩት እነማን ናቸው?

የሰረዝሽው “ሁለት” እዚያው ቁጭ ብሎ “ሦስት” ከጠፋ፣ ጥፋቱ ገና ስክሪኑ ላይ ነው። በሪአክት የተሠራ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኪይ፣ ማለትም ሪአክት ረድፎቹን የሚለይበት ምልክት ነው። የረድፉ ተራ ቁጥር ኪይ ሆኖ ከተሰጠ፣ መካከለኛው ሲሰረዝ ሦስተኛው የእሱን ቁጥር ይወርሳል። ሪአክት የሚያየው የመጨረሻው ቁጥር መጥፋቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ሳጥን ያነሳል። የተጻፈውን የያዘው ሳጥኑ ራሱ ከሆነ ደግሞ “ሁለት” ምንም ሳይሆን በቦታው ይቀራል። መፍትሔው እያንዳንዱ ረድፍ ሲፈጠር የራሱን የማይለወጥ መለያ መስጠትና ያንን ኪይ ማድረግ ነው። አንድ ሁለት መስመር ቢቀየር ነው።

ስክሪኑ ላይ “አንድ” እና “ሦስት” በትክክል ከቀሩ ግን ኮዱን ገና አትንኪ። በብራውዘሩ የዲቨሎፐር መሣሪያ ውስጥ ያለውን ኔትወርክ ታብ ክፈቺ፣ ፎርሙን ላኪ፣ የሄደውን ጥያቄ ተጫኚና ፔይሎዱን (የተላከውን መረጃ) ተመልከቺ። ይሄ ቦታ ሥራውን ለሁለት ይከፍልልሻል። መረጃው ደህና ሆኖ ከወጣ ጥፋቱ ሰርቨሩ ጋ ነው፤ ተበላሽቶ ከወጣ ብራውዘሩ ጋ ነው። በኔ ግምት ከጠቅላላው ፈተና ትልቁን ነጥብ የሚይዘው ይህቺ ደቂቃ ናት። ጥፋቱ ሰርቨር ላይ ሆኖ ግማሽ ቀን ጃቫስክሪፕት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ሞልቷል።

ፔይሎዱ ላይ ምን ልታይ ትችያለሽ? ረድፎቹ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት ተብለው ተቆጥረው ከነበረ፣ ከስረዛው በኋላ ዜሮና ሁለት ብቻ ተልከው ታገኛለሽ። መሃሉ ባዶ ነው። በአስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ (የማይክሮሶፍት የሰርቨር ማዕቀፍ) ሞዴል ባይንደሩ፣ ማለትም የመጣውን መረጃ ለኮዱ የሚያደርሰው ክፍል፣ ቁጥሩን ከዜሮ ጀምሮ ሳይቋረጥ ይጠብቃል፤ ክፍተት ሲያገኝ እዚያው ያቆማል። የመጀመሪያው ሰው ይመዘገባል፣ “ሦስት” ይቀራል፣ ኤረርም አይወጣም። ሌላው የሰርቨር ቋንቋ ፒኤችፒ ግን ክፍተቱን እንዳለ ይቀበላል። ስለዚህ “እኔ ጋ ይሠራል” ማለት ብቻውን ምንም አይደለም። ከስረዛ በኋላ ቁጥሮቹን እንደገና መደርደር ወይም ዝርዝሩን በጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚደረደርበት ቅርጽ) መላክ ይገላግላል።

አሁን ወደ “ተልኳል” እንምጣ። ይሄኛው ብዙ ሰው ያታልላል። ፌች (ጃቫስክሪፕት ለሰርቨር ጥያቄ የሚልክበት መንገድ) ሰርቨሩ 404 (አልተገኘም) ቢመልስም፣ 500 (የሰርቨር ስህተት) ቢመልስም ኤረር አይወረውርም። የሚወረውረው ግንኙነቱ ራሱ ሲቋረጥ ወይም ብራውዘሩ ጥያቄውን ሲከለክል ነው። ሰርቨሩ መልስ እስከሰጠ ድረስ፣ መልሱ “አልቻልኩም” ቢሆን እንኳ፣ ኮዱ ቀጥ ብሎ “ተልኳል” ወደሚለው መስመር ይሄዳል። የጻፍሽው ካች ጋ አይደርስም። መልሱ ኦኬ መሆኑን ራስሽ መፈተሽ አለብሽ፤ ኦኬ እውነት የሚሆነው የስታተስ ኮዱ ከ200 እስከ 299 ሲሆን ብቻ ነው። አክሲዮስ የሚባለውን የመላኪያ ላይብረሪ የለመደ ሰው ወደ ፌች ሲመጣ እዚህ ጋ ይሸወዳል፣ ምክንያቱም አክሲዮስ ሳትነግሪውም ከዚያ ክልል የወጣውን እንደ ኤረር ይወረውረዋል።

ሌላ የሚያጋጥም ነገር አለ። ኮንሶሉ ጄሰን ሲያነብ ያልተጠበቀ “<” አገኘሁ ካለሽ፣ የመጣው ጄሰን አይደለም፣ የኤችቲኤምኤል ገጽ ነው። ብዙ ጊዜ የሰርቨሩ የኤረር ገጽ ነው፣ ወይም ሴሽኑ አልቆ የመጣ የሎግኢን ገጽ። ሪስፖንስ የሚለውን ብትከፍቺ ገጹን ራሱን ታነቢዋለሽ። ጄሰን ፓርስ የሚያደርገውን መስመር መጠገን እዚህ ጋ ከንቱ ድካም ነው።

እና ትራይ ካች መጥፎ ነው ወይ? አይደለም። ባዶ ካች ነው መጥፎው። ካች ስትጽፊ “እዚህ ጋ ምን ሊበላሽ ይችላል፣ ከተበላሸስ ለማን ነው የምነግረው?” ብለሽ ጠይቂ። ተጠቃሚው ኢሜይሉን አሳስቶ ከሆነና ሰርቨሩ 400 ወይም 422 ከመለሰ፣ መልእክቱ እዚያው ሳጥኑ ሥር ይውጣ። መረቡ ከተቋረጠ “እንደገና ሞክር” በይው፤ የጻፈውን ግን በምንም ተአምር እንዳታጠፊበት። ሃያ ሳጥን ሞልቶ ባዶ ፎርም የተመለሰለት ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ጥፋቱ የኛ ከሆነ፣ ማለትም 500 ወይም የራሳችን ባግ ከሆነ፣ ለተጠቃሚው አጭርና ግልጽ ነገር ይነገረው፣ ዝርዝሩ ወደ ሎግ ይሂድ። ስታክ ትሬስ (ኤረሩ በየትኛው የኮድ መስመር እንዳለፈ የሚያሳይ ዝርዝር) ለተጠቃሚ አይታይም፤ ለሱ አይጠቅመውም፣ ለክፉ ሰው ግን ይጠቅመዋል። የማታውቂው ዓይነት ኤረር ከሆነ ደግሞ መልሰሽ ወርውሪው። የማታውቂውን አትያዢ።

የሚጨመርና የሚቀነስ ፎርም ላይ ፈታኞች ደጋግመው የሚደብቋቸው ትንንሽ ወጥመዶችም አሉ። በፎርም ውስጥ ያለ ቁልፍ ታይፕ ካልተሰጠው ሰብሚት (መላኪያ) ነው፤ “ሰው ጨምር” ስትይው ፎርሙን ይልከዋል። ገጹ ሲከፈት ቁልፎቹ ላይ ያሰርሽው ሊስነር (ጠቅታን የሚጠብቅ ኮድ) በኋላ የተጨመረውን ረድፍ አያውቀውም፤ ሊስነሩን አንድ ጊዜ ወላጁ ላይ እሠሪው። ዲሴብልድ የሆነ (የተዘጋ) ሳጥን ጭራሽ አይላክም፣ ሪድኦንሊ የሆነው (የሚነበብ ብቻ) ግን ይላካል። ያልተመረጠ ቼክቦክስም አይላክም። የደበቅሽው ሳጥን ሪኳየርድ (የግድ መሞላት ያለበት) ሆኖ ከቀረ ብራውዘሩ ፎርሙን አልልክም ይላል፣ ተጠቃሚው ግን ምን እንደጎደለ አያይም፤ ስትደብቂው ዲሴብል አድርጊው። ሴት ከስተም ቫሊዲቲ (ሳጥኑን በራስሽ መልእክት ስህተት ነው የሚያሰኝ ትእዛዝ) የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ስህተቱ ሲስተካከል ባዶ ጽሑፍ መልሰሽ ካልሰጠሽው፣ ሳጥኑ ትክክል ተሞልቶም ስህተት እንደሆነ ይቀራል። ይሄ የመጨረሻው ስንቱን ሰው አስለቅሷል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ኮርሶች አዲስ ነገር ያስተምራሉ፣ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ የቆየ ሲስተም ላይ ነው። አስፒ ዶት ኔት ዌብ ፎርምስ በ2002 የወጣ ነው፤ ዛሬም በሱ የተሠሩ የውስጥ ሲስተሞች አሉ። እዚያ በኮድ የጨመርሽውን ኮንትሮል (ሳጥን ወይም ቁልፍ) በየፖስትባኩ፣ ማለትም ገጹ ወደ ሰርቨር በተመለሰ ቁጥር፣ በተመሳሳይ አይዲ እንደገና መፍጠር አለብሽ፣ ተመራጩም ኢኒት (ገጹ መዘጋጀት የሚጀምርበት ደረጃ) ላይ ነው። ካልፈጠርሽው የተጻፈው ይጠፋል፣ የቁልፉም ኢቨንት አይነሳም። ተማሪው አልልሽም፣ ጊዜሽን አትፍጂበት። ግን የቀጣሪሽ ሲስተም እንዲህ ዓይነት ከሆነ አፍንጫሽን አትንፊ። ጥያቄው ያው ነው፦ ረድፉን ማን ያስታውሰዋል፣ ገጹ ወይስ ሰርቨሩ?

ወደ ሥራ ፍለጋሽ ልመለስ። ፖርትፎሊዮሽ ላይ ሦስት ፕሮጀክት እንዳለ ጽፈሽልኛል፤ ቱዱ ሊስት፣ የአየር ሁኔታ ገጽና የግል ዌብሳይት። እነዚህን ሁሉም ሰው አለው፣ ቀጣሪም አይከፍታቸውም። አራተኛ አትጨምሪ። ያንን የተበላሸ ፎርም ከትዝታሽ እንደገና ሥሪውና ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ አድርጊው፤ ኮዱ የራስሽ ይሁን፣ የድርጅቱንም ስም አትጥቀሺ። መጀመሪያ የተበላሸውን ኮሚት አድርጊ (ከመልእክት ጋር መዝግቢው)። ከዚያ እያንዳንዱን ጥገና ለብቻው ኮሚት አድርጊ፤ መልእክቱ ላይ ምን እንዳየሽ፣ ምን እንደጠረጠርሽ፣ ምን እንዳረጋገጥሽ ጻፊ። ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) አንድ ገጽ አይለፍ።

የሚለይሽ ነገር ከፈለግሽ የኤረር መልእክቱን ዓይነ ስውርም እንዲደርሰው አድርጊው። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው፣ ደብሊውካግ፣ ስህተት በጽሑፍ ተለይቶ እንዲነገር የሚጠይቀው በዝቅተኛው ደረጃው ነው፤ ሳጥኑን ቀይ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። አሪያ ኢንቫሊድንና አሪያ ዲስክራይብድ ባይን (ሳጥኑ መሳሳቱንና የትኛው መልእክት የሱ እንደሆነ የሚጠቁሙ መለያዎች) ጨምረሽ፣ በስክሪን ሪደር (ገጹን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) አንድ ጊዜ ሞክረሽው ከመጣሽ፣ ከጀማሪዎች መካከል ጎልተሽ ትታያለሽ። ብዙው ጀማሪ እዚህ አይደርስም።

ሲቪሽ ላይ “የኤረር ሃንድሊንግ እውቀት አለኝ” የሚለውን አውጪው። በምትኩ “ረድፍ ሲሰረዝ መረጃ የሚያጣ ፎርም ላይ መንስኤውን ለይቼ አስተካክያለሁ፣ የሰርቨር ስህተቶች ለተጠቃሚው እንዲታዩ አድርጌያለሁ” ብለሽ ሊንኩን አስቀምጪ። ኢንተርቪው ላይ ደግሞ ድምፅሽን አውጥተሽ አስቢ። “መጀመሪያ ችግሩን ልፍጠረው፣ ከዚያ ኔትወርኩን አያለሁ” በይ። ሰዓት ካለቀብሽ “ሁለተኛውን አልጨረስኩትም፣ ግን ጥፋቱ እዚህ ፋይል ውስጥ ነው፣ የምጠረጥረውም ይሄንን ነው” ማለት ከታፈነ ኮንሶል ስንት እጥፍ ይሻላል።

ስትሠሪው ነገሩ ከጣመሽ፣ ማለትም ፎርም ከመሥራት ይልቅ የተበላሸበትን ማሰስ ደስ ካለሽ፣ የጀማሪ ዲቨሎፐር ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቂ። የሶፍትዌር ቴስቲንግና የቴክኒካል ሰፖርት ቦታዎችም ላይ አመልክቺ። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይሄው ነው፣ ኮድም እያነበብሽ ትቆያለሽ። ወደ ዲቨሎፐርነት ከዚያ የተሻገሩ ብዙ ናቸው።

ያንን የምስጋና ኢሜይል ግን ሳትመልሺ አትተይው። ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል፤ “ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ። ከፈተናው በኋላ ተመሳሳይ ፎርም በራሴ ሠርቼ ችግሮቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፣ ሊንኩ ይኸው። ጊዜ ካላችሁ አስተያየታችሁን ብሰማ ደስ ይለኛል።” ልመና አታብዢበት፣ “ለምን ጣላችሁኝ” የሚልም አይኑርበት። ላይመልሱ ይችላሉ። ከመለሱ ግን የጻፉትን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።