170 ቮልት አየሁ ብለህ ኢንቨርተሩን እንዳትመልስ

«ጣና ዳር ለከፈትኩት ጁስ ቤት ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ) ገዛሁ። 220 ይላል፤ በቴስተር ስለካው ግን 170 ነው። ልመልሰው?» ላልከው ወንድሜ፣ ቆይ። ሽምብጥ ያለው ፀጉር ቤቴ ውስጥ ይኸው ነው የደረሰብኝ።

1. ካርቶኑን እየው። «ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ» ይላል አይደል? በቃ፣ ነገሩ እሱ ነው። የመብራት ኃይል ሞገድ ለስላሳ ነው። የዚህኛው ደረጃ ደረጃ ነው፤ ዘሎ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ዜሮ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ታች። ርካሽ ቴስተር አማካዩን ይለካና ሞገዱን ለስላሳ ነው ብሎ በ1.11 ያባዛዋል። ጫፉ 311 ቮልት ሆኖ ግማሹን ጊዜ ዜሮ ላይ የሚያርፍ ሞገድ እውነተኛ ቮልቱ 220 ነው። አማካዩ ግን 155 ገደማ። በ1.11 አባዛው፤ 172! ያንተ 170 ከየት እንደመጣ ገባህ?

2. ቴስተርህ ላይ «ትሩ አርኤምኤስ» (ሞገዱ ምንም ዓይነት ቢሆን እውነተኛውን ቮልት ይለካል ማለት ነው) የሚል ከሌለ ለዚህ ሥራ አትመነው። የኔን ኢንቨርተር ያየው ጠጋኝም እንዲህ ያለ ቴስተር አልነበረውም። ሽፋኑን እንኳ ሳይፈታ ፕሮቡን ሰካና «ሞስፌቱ ተቃጥሏል» አለ፤ ውስጡ ያለውን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ክፍል ማለቱ ነው። ቢቃጠል እንዴት ይሠራል ስለው «ሥራውን ለባለሙያው ተው» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ተቀየረ ተባለ፣ ብር ተከፈለ፣ ቤት ወስጄ ስለካው ያው 172። ተመልሼ ስሄድ ደግሞ «የቤትህ መስመር ነው» አይለኝም! ከባትሪ የሚሠራን ዕቃ ከመስመር ምን አገናኘው?

ያረጋገጥኩት ራሴ ነኝ። የድሮውን ባለ ክር አምፖል፣ ዋታቸው አንድ የሆነ ሁለት አምጣ። አንዱን መብራት ኃይል ላይ፣ ሌላውን ኢንቨርተሩ ላይ ስካ። የኔዎቹ እኩል ቦግ አሉ። እውነት 172 ቢሆን ኖሮ አንዱ ቀላ ብሎ ይደክም ነበር። ኤልኢዲ እንዳትጠቀም፤ ቮልቱ ቢወርድም አብዛኛው ያው ይበራል። በስልክ ቀርጬ ለጠጋኙ አሳየሁት። «አምፖሉ ጎበዝ ስለሆነ ነው» አለኝ።

3. የቴስተሩ ባትሪ ነው የሚሉህን አትስማ። ባትሪ ሲደክም ቴስተር ብዙ ጊዜ ጨምሮ ነው የሚያነበው፤ ያንተ ቀንሷል። ቀዩ ገመድ ግን አምፔር ቀዳዳ ላይ እንዳይሆን፤ በዚያ ቮልት መለካት ሾርት ማድረግ ነው።

አሁን ፍሪጅና ጁስ ማሽን ልትሰካበት ከሆነ ወሬው ሌላ ነው። ሞተር በሞዲፋይድ ይግላል፣ ያጉረመርማል። ለዚያ የዋጋ ልዩነቱን ጨምረህ ፒዩር ሳይን ዌቭ በሚባለው፣ ሞገዱ እንደ መብራት ኃይል ለስላሳ በሆነው ኢንቨርተር ቀይር። ደረሰኝህን ይዘህ ሂድ፣ 170 የሚባለውን ግን ጨርሶ አታንሳ።