ጋላክሲ ኤስ10 ወይስ አይፎን 11? ጥያቄያችሁና መልሴ

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ ስልክ በመጠገን እተዳደራለሁ። ያገለገለ ስልክ ለመግዛት የተነሣ ጎረቤት ዞሮ ዞሮ የሚያመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ10 ይሻላል ወይስ አይፎን 11? ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ፣ ሁለቱም 6.1 ኢንች ስክሪን ያላቸው፣ በዘመናቸው ስመ ጥር የነበሩ ስልኮች ናቸው። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዋጋ በቁጥር አልጽፍም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የተጠራ ዋጋ ለሳምንት አይጸናምና።

ጥያቄ፦ ነገሩን ሳናስረዝም፣ የትኛው ይገዛ?

መልስ፦ አይፎን 11፣ ያውም 128 ጊጋባይት የሚይዘው። ያገለገለ ስልክ ስንገዛ የምንገዛው የቀረውን ዕድሜ ነው። ኤስ10 በአንድሮይድ 9 ጀምሮ አንድሮይድ 12 ላይ ቆሟል፤ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያውም እ.ኤ.አ. በ2023 አብቅቷል። አይፎን 11 ግን አይኦኤስ በሚባለው የአፕል ሲስተም በ13ኛው ጀምሮ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የወጣውን አይኦኤስ 26 ጭምር ተቀብሏል። እኩል ዓመት የተወለዱ ሁለት ስልኮች፣ አንዱ ጡረታ ወጥቷል፤ ሌላው ገና በሥራ ላይ ነው። ኤስ10ን የምመርጥባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ከታች እየመጡ ነው።

ጥያቄ፦ ማሻሻያው ቢቆምስ ምን ይመጣል? ስልኩ እንደሆነ መሥራቱን አይተውም።

መልስ፦ አይተውም። ይደውላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ቴሌግራም ይከፍታል። ችግሩ ማሻሻያው ከቆመ በኋላ የሚገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ መቅረታቸው ነው። ቀዳዳውን ያወቀ ሌባ የእርስዎን ስልክ ለይቶ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ያልታደሰ ስልክ ሁሉ ለእሱ ክፍት ነው። ከጊዜ በኋላ ደግሞ የባንክ መተግበሪያዎች ራሳቸው አሮጌውን አንድሮይድ አንቀበልም ማለት ይጀምራሉ። ዛሬ ደመወዛችን፣ እቁባችን፣ የቤት ኪራያችን ሳይቀር በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ የሚያልፍ ስለሆነ ይህንን እንደ ትንሽ ነገር ማየት አልችልም። ኤስ10 በእጃችሁ ያለ ሰዎች ግን አትደንግጡ። መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ጫኑ፤ በቴሌግራም የተላከላችሁን የመጫኛ ፋይል፣ ላኪው ዘመድ ቢሆን እንኳ፣ አትክፈቱ። ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰውን ሒሳብም በዚያ ስልክ ላይ አታድርጉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እዚሁ ቂሊንጦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከግቢ ውጪ የተከራየሁበት ክፍል ኔትወርክ ደካማ ነው። የትኛው የተሻለ ይስባል?

መልስ፦ በዚህ ኤስ10 ይበልጣል፤ በእኛ ሠፈር ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኤስ10 የ4ጂ ሞገድን በአራት አንቴና መቀበል ይችላል፤ አይፎን 11 በሁለት ብቻ ነው። አራት አንቴና ያለው ታላቅ ወንድሙ አይፎን 11 ፕሮ ነው። ማማው ቅርብ በሆነበት መሀል ከተማ ልዩነቱ ላይታይህ ይችላል፤ አዳዲስ ሕንፃ በበዛበትና ማማ በራቀበት ዳርቻ ግን ይታያል። ሌላም ነገር አለ፤ ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ማማውን ለመድረስ የበለጠ ኃይል ያወጣል፤ ባትሪህ ቀን ሳይጋመስ የሚያልቀው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ከተቻለ ሻጩን ለምነህ ሲምህን ስልኩ ውስጥ ክተትና ከክፍልህ ሆነህ ደውል። 5ጂ ከሆነ የምትፈልገው ሁለቱም የላቸውም፤ ኤስ10 5ጂ የሚባለው ሌላ ስልክ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ የኢትዮ ቴሌኮም፣ አንድ የሳፋሪኮም ሲም አለኝ። ሁለቱንም ይይዛሉ?

መልስ፦ እንደ ስልኩ ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ነው። ከኤስ10 ሞዴሎች ኤስኤም-ጂ973ኤፍ/ዲኤስ የሚለው ሁለት ሲም ይይዛል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ቦታ የሚሞሪ ካርድም ቦታ ስለሆነ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለብዎ። ከአሜሪካ የመጣው ኤስኤም-ጂ973ዩ ባለ አንድ ሲም ነው። አይፎን 11 በአብዛኛው አንድ ሲም ካርድና አንድ ኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ የሚሞላ ሲም) ነው፤ ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ የተሠራው ኤ2223 ግን ሁለት ሲም ካርድ ያስገባል። የሲም ማስቀመጫውን በመርፌ አውጥተው በዓይንዎ ይዩት፤ ሻጩ የሚለውን ብቻ አይመኑ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው የምጠይቀው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ባትሪው የሚቆየው የየትኛው ነው?

መልስ፦ በወረቀት ላይ ኤስ10 3400 ሚሊአምፒር አወር ይይዛል፣ አይፎን 11 ደግሞ 3110። ቁጥሩ ግን ያታልላል። የአይፎኑ ስክሪን ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው፤ 1792 በ828 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ፍጆታው አነስተኛ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ቆጣቢ ነው። ወደ አውሮፓና አፍሪካ የመጣው ኤስ10 የሚሠራው ኤክሲኖስ 9820 በሚባል ፕሮሰሰር ነው፤ እርሱም ኃይል ይበላል። አዲስ በነበሩ ጊዜ አይፎን 11 ነበር የሚቆየው።

ዛሬ ግን ዋናው ነገር ባትሪው ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም የሚለው ነው። አፕል ራሱ የዚህ ትውልድ ባትሪ 500 ሙሉ ዙር ከተሞላ በኋላ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ተደርጎ መሠራቱን ይገልጻል። በየቀኑ የሚሞላ ስልክ 500 ዙር ለመጨረስ ሁለት ዓመት አይፈጅበትም፤ እነዚህ ስልኮች ደግሞ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ የባትሪ ማስቀየሪያውን ከስልኩ ዋጋ ጋር ደምረው ያነጻጽሩ። በኤስ10 ጀርባ ላይ ሌላ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፤ ያረጀ ባትሪ ላይ ግን ባይሞክሩት እመርጣለሁ። መብራት ተመልሶ እስኪረጋጋም ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅለው ይቆዩ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ስለ ስልክ የማውቀው የለም። ለልጅ ልጄ ልገዛላት ነው። ሻጩ ፊት ቆሜ ምን ልመልከት?

መልስ፦ እማማ፣ ይህንን በደንብ ልንገርዎ፤ ከየትኛውም ጥያቄ በላይ የሚጠቅመው ይህ ነውና። የልጅ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፣ ቀን ብርሃን እያለ ይሁን።

ኤስ10 ከሆነ መጀመሪያ ስልኩን በጎኑ ወደ ዓይንዎ አስጠግተው ወደ ብርሃን ይያዙት። የጀርባው መስታወት ከብረቱ ጠርዝ ጋር ምንም ክፍተት ሳይኖር መግጠም አለበት። በአንድ ጎን ክር የምታህል ብርሃን ካለፈች ወይም ጀርባው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ውስጥ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ስልክ በየትኛውም ዋጋ አይግዙት፤ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ቀጥሎ የልጅ ልጅዎ መደወያው ላይ *#0*# ትጻፍ፤ የመፈተሻ ገጽ ይመጣል። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እየከፈተች ስክሪኑን ትይ። አሮጌ የኤስ10 ስክሪን ላይ የኪቦርዱ ወይም የላይኛው የሰዓት መስመር ጥላ ታትሞ ይቀራል። ጥላው አይለቅም።

አይፎን 11 ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ባትሪ ከሚለው ሥር የባትሪውን አቅም በመቶኛ ታንብብ። ከዚያ ጄኔራል፣ ቀጥሎም አባውት የሚለውን ትክፈት። ባትሪው ወይም ስክሪኑ ተቀይሮ ከሆነና ዕቃው የአፕል መሆኑ ካልተረጋገጠ እዚያ ይጻፋል። መቀየሩ ብቻውን ክፉ አይደለም፤ ሻጩ ስልኩ አልተፈታም ብሎ ከሆነ ግን ውሸቱ ተገለጠ ማለት ነው። ፊት የሚለየውን መክፈቻ ራሷ ፊቷን አስመዝግባ ትሞክረው፤ አላዋቂ እጅ የፈታው አይፎን ብዙ ጊዜ የሚያጣው ይህንን ነው። አንዱን የመተግበሪያ ምልክት ተጭና ይዛ በስክሪኑ ላይ ሁሉ ትጎትተው፤ መሀል ላይ ከተለቀቀ እዚያ ቦታ ንክኪው ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 የመጀመሪያ ወራት የተመረቱ አንዳንድ አይፎን 11 ስክሪኖች የንክኪ ችግር ስለነበረባቸው አፕል በነፃ እስከመቀየር ደርሶ ነበር።

የመጨረሻው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሻጩ እርስዎ ፊት ከአፕል ሒሳቡ ይውጣ፤ ሳምሰንግ ከሆነም ከጉግልና ከሳምሰንግ ሒሳቡ። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይደምሰስ፣ እንደ አዲስ ይነሣ፣ ከዋይፋይ ጋር ይገናኝ። የማንንም የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ፣ በድርጅት ቁጥጥር ሥር ነኝ የሚል ጽሑፍም ሳያሳይ እስከ መነሻ ገጹ ከደረሰ ያን ጊዜ ገንዘቡን ይላኩ። ሻጩ እቸኩላለሁ፣ በኋላ እከፍትልዎታለሁ ካለ ተመስገን ብለው ወደ ቤትዎ ይመለሱ። የተቆለፈ አይፎን ለእኔ ቢያመጡልኝም አልከፍተውም፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ለሠርግና ለክርስትና ፎቶ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ቪዲዮ ከሆነ አይፎን 11፣ ያለ ጥርጥር። ፎቶ ከሆነ ይቀራረባሉ። ኤስ10 ሦስት ካሜራ አለው፤ አንዱ ሁለት እጥፍ የሚያቀርብ ስለሆነ ድንኳን ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ሙሽሮቹን ለማንሣት ይረዳል። አይፎን 11 የሚያቀርብ ካሜራ የለውም፤ በምሽት ግን ጥቁር ፊትን ሳያመድ፣ ነጭ ልብስን ሳያቃጥል ያነሣል። እኔ የምሽቱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ነጠላ እከናነባለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ግንባታ ላይ ይሠራል። የትኛው ለመክፈት ይቀላል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። አይፎን 11 አፍንጫና አፍ ከተሸፈነ ፊት አይለይም፤ ጭንብል እያለ መክፈት የሚቻለው ከአይፎን 12 ጀምሮ ነው። ነጠላው ፀጉርን ብቻ ከሸፈነ ችግር የለም። ኤስ10 በስክሪኑ ሥር ባለ የጣት አሻራ ማንበቢያ ይከፈታል፤ ሲሚንቶ የሚነካ እጅ አሻራው ስለሚሻክር ብዙ ጊዜ እንቢ ይለዋል፤ ወፍራም የመስታወት መከላከያ ከተለጠፈበትም ይብስበታል። ለባለቤትሽ አይፎኑ፣ ላንቺ ኤስ10 ይመቻል።

ጥያቄ፦ 64 ጊጋባይት አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። አይፎን ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፤ ሲስተሙና ቴሌግራም ብቻ ይሞሉታል። ዘፈንና መዝሙር ጭኖ፣ ፊልም ይዞ መዞር የሚወድ ሰው ኤስ10 ይግዛ፤ ካርድም ይቀበላል፣ ባለ ሽቦ ማዳመጫ መሰኪያም አለው።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ውኃ አያስገቡም ይባላል። ክረምት ላይ አያሳስበንም?

መልስ፦ አዲስ ሳሉ ነው። ማጣበቂያው ያረጃል፤ አንድ ጊዜ የተፈታ ስልክማ ጨርሶ አይታመንም። እንደ ማንኛውም ስልክ ከዝናብ ይጠብቁት።

ጥያቄ፦ በዚሁ ብር አዲስ መካከለኛ ስልክ ብገዛስ?

መልስ፦ ይህንን ብዙ ሰው ባይጠይቀኝም ብዙ ሰው ሊያስብበት ይገባል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጋላክሲ ኤ16 የስድስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ቃል ተገብቶለታል፤ ባትሪውም አዲስ ነው። ፍጥነቱና ካሜራው ከሁለቱም ያንሳል። ሥራዎ ጥሪ፣ ባንክና ቴሌግራም ከሆነ ግን ከኤስ10 ይልቅ እርሱን እመክራለሁ፤ ከአይፎን 11 ጋር ካወዳደሩት ደግሞ ለቪዲዮ ምን ያህል እንደሚጨነቁ ራስዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ኤስ10 በርካሽ አግኝቻለሁ። ገዝቼ ባሠራውስ?

መልስ፦ ይቅርብህ ወንድሜ። የኤስ10 ስክሪን በሁለቱም ጎን የታጠፈ ኦሌድ ነው፤ ማስቀየሪያው አንዳንዴ የስልኩን ሙሉ ዋጋ ይጠጋል። የአይፎን 11 ስክሪን ጠፍጣፋ ኤልሲዲ ስለሆነ በጣም ይረክሳል። ተሰንጥቆ መግዛት ካለብህ አይፎኑን ግዛ፤ ፊት መለየቱ መሥራቱን ግን ከመክፈልህ በፊት እይ።