መልስ፦ አካባቢን መጠበቅ ለድርጅት ወጪ ብቻ ነው?

ወዳጄ፣ «አካባቢን መንከባከብ ለድርጅት ወጪ ከመሆን ሌላ ምን ጥቅም አለው?» ብለሃል። እኔ ነገሩን ከሌላ በኩል ነው የማየው። በጭስ ማውጫ የሚወጣው፣ ወደ ወንዝ የሚለቀቀው፣ ቆሻሻ ተብሎ የሚጣለው ሁሉ በገንዘብ የተገዛ ነው። ብክለት የባከነ ብር ነው።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ስሪ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ብክለትን መከላከል ያዋጣል» የሚል ፕሮግራም የጀመረው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ቆሻሻን ከወጣ በኋላ ከማጣራት ይልቅ መጀመሪያውኑ እንዳይፈጠር ማድረግ ይረክሳል በሚል ስሌት ነበር።

ትንንሹም ነገር ቀላል አይደለም። ኤልኢዲ አምፖል ከድሮው ባለ ክር አምፖል ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ፋብሪካው የታመቀ አየር የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ቱቦዎቹን አስፈትሽ። ጥገና በጎደለበት ቦታ ኮምፕሬሰሩ (አየሩን የሚያምቀው ማሽን) ከሚያመርተው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በቀዳዳ ሊያመልጥ ይችላል። ማሽኑ ሌት ተቀን ለሚባክን አየር ይሠራል ማለት ነው! ይህን ሳስብ በጣም ይቆጨኛል።

ገበያውም እየተቀየረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገቡ እንደ ብረትና ሲሚንቶ ባሉ ምርቶች ላይ የካርቦን ክፍያ ሥርዓት (ምርቱ ሲመረት ወደ አየር ለተለቀቀው የካርቦን ጋዝ የሚከፈል ገንዘብ) ዘርግቷል። ትልልቅ ገዢዎችም አቅራቢዎቻቸውን ስለ ልቀታቸው መጠየቅ ጀምረዋል።

ሁሉም እርምጃ ቶሎ ያተርፋል ግን አልልህም። አንዳንዱ ወጪውን ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከመብራት፣ ከውሃና ከጥሬ ዕቃ ሂሳብህ ጀምር። የትኛው በብዛት እንደሚባክን ለካ፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክል። ያልሠራኸውን ግን «አረንጓዴ ነኝ» ብለህ አታስተዋውቅ፤ ደንበኛ አንዴ ከተታለለ አይመለስም።